ጢምን በገዛ እጅ ስለ መላጨት፤ የአንድ ካራ ሠሪ መጽሐፍና የእጅ ዕውቀት ታሪክ

ስለ ሕዝብ መሣሪያዎች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የመሣሪያውን ስም፥ የተሠራበትን ነገርና መጠኑን ከመዘገቡ በኋላ እዚያው ላይ ያቆማሉ። መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠ እጅ እንዴት እንደሚሳሳት፥ ምን ምንስ ከተማረ በኋላ ሥራውን ያውቃል እንደሚባል ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ተራ መሣሪያ ላይ ላቀርብ አስቤአለሁ፤ ይኸውም እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ረዥሙ የጢም ምላጭ ነው። ይህን መሣሪያ የመረጥሁበት ምክንያት፥ ጀማሪው በገዛ እጁ መላጨትን ይማር ዘንድ በ1769 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ አንድ መጽሐፍ ስለ ታተመለት ነው፤ የመጽሐፉም ደራሲ ከሊቃውንት ወገን ሳይሆን ካራ ሠሪ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ዘመን አስቀድሞ በአውሮፓ ከተሞች ጢም መላጨት በጠቅላላው የጠጕር ላጮች ሥራ ነበር። የላጮቹ ማኅበር ደግሞ ከቀዳጅ ሐኪሞች ጋር የተቈራኘ ነበር፤ ምላጭን በሰው ገላ ላይ የማሳረፍ መብት ለሁለቱም የተሰጠ ነበርና። በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1540 ዓ.ም. የለንደን ላጮችና ቀዳጅ ሐኪሞች በሕግ አንድ ማኅበር ሆኑ፤ የተለያዩትም በ1745 ዓ.ም. ነው። በፈረንሳይ አገር ልዩነቱ በ1743 ዓ.ም. በንጉሥ አዋጅ ጸና። እንግዲህ ቀዳጅ ሐኪሙ በመማርና በማስተማር ወደ ከፍተኛ ማዕርግ ሲያልፍ፥ ላጩ ከምላጩ፥ ከሳሙናውና ከሰው ሠራሽ ጠጕሩ ጋር ቀረ።

ሰው ጢሙን ራሱ እንዳይላጭ የከለከለው የማኅበሩ መብት ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ምላጭ ስለቱን ለረዥም ጊዜ የሚይዝ አልነበረም፤ ደጋግሞ የሚስለው ሰው ያሻው ነበር። ይህን ሁኔታ ከለወጡት ነገሮች አንዱ በ1740ዎቹ ዓመታት በሼፊልድ አጠገብ ይሠራ የነበረው የሰዓት ሠሪው የቤንጃሚን ሀንትስማን ግኝት ነው። ሀንትስማን ለሰዓት የሚሆን የተሻለ ሞላ ሲፈልግ፥ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ፥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ጠንካራ አረብ ብረት አወጣ። የአገሩ ካራ ሠሪዎች ብረቱ እጅግ ጠጠረብን ብለው በመጀመሪያ እንዳልተቀበሉትና የፈረንሳይ ካራ ሠሪዎች ግን ገዝተው እንደ ሠሩበት ይተረካል። ያም ሆነ ይህ፥ ከዚህ በኋላ ስለቱን የሚያጸና ምላጭ ማግኘት ተቻለ፤ የቀረው የሚይዘው እጅ ነበር።

የፓሪሱ ካራ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ፔሬ በ1769 ዓ.ም. ያሳተመውን መጽሐፍ ጢምን ለመቍረጥ ከሚነገረው የግሪክ ቃል «ፖጎኖቶሚ» ብሎ ሰየመው። የመጽሐፉ ረዥም አርእስት ራሱ ብዙ ያስተምራል። በመጀመሪያ ሰው በገዛ እጁ መላጨትን የሚማርበት ጥበብ እንደሚገኝበት ይናገራል፤ ቀጥሎ መሣሪያዎችን ለመሳል የሚበጁትን የድንጋይ ዓይነቶች ማወቂያ፥ ከዚያም ምላጭ የሚሳልበትን ቆዳ ማሰናጃ ይጠቅሳል፤ በመጨረሻም ደም ስለ ማፍሰስ የተጻፈ አንድ አስተያየት ያክላል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ላጭና ቀዳጅ ሐኪም ጎረቤት የነበሩበትን ዘመን ያስታውሰናል። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን ግን፥ ፔሬ ፊትን ስለ መላጨት ከድንጋይና ከቆዳ ነጥሎ አለማስተማሩ ነው። ለእርሱ መላጨት ማለት ስለትን መጠበቅ ማለት ነበር።

ፔሬ ጀማሪው እንደሚፈራም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ስለቱ ጥቂት ብቻ ብቅ የሚልበትን የእንጨት መከላከያ ለምላጩ አበጀለት፤ አሳቡም የተወሰደው ከአናጢ መላጊያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1771 እና በ1772 ዓ.ም.፥ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የእጅ ሥራዎችን ሁሉ ለመግለጽ በሚያሳትማቸው ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ የካራ ሠሪን ጥበብ የጻፈው ይኸው ፔሬ ነው። ባለ እጁ ስለ ሙያው ሌላ ሰው እንዲጽፍለት አልጠበቀም፤ ብዕሩን ራሱ አነሣ።

የምላጭ ጀማሪ የሚማረው ነገር በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የድንጋዩ ነው። የምላጩ ደንደስ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደንደሱና ስለቱ ባንድነት በድንጋዩ ላይ ሲያርፉ፥ ስለቱ የሚሳልበት ማዕዘን በራሱ ይገኛል። በድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፥ ደንደሱ ይከተላል። ሁለተኛው የቆዳው ነው፤ ይህም ከመላጨት በፊት ሁልጊዜ የሚደረግ ሲሆን፥ ሥርዓቱ ተቃራኒ ነው፤ ደንደሱ ይቀድማል፥ ስለቱ ይከተላል። በመመለሻው ላይ ምላጩ በደንደሱ ተንከባሎ ይገለበጣል እንጂ በስለቱ በኩል አይዞርም። ቆዳው ተወጥሮ ካልተያዘም ስለቱ ይዶለዱማል።

ሦስተኛው የፊቱ ነው። ጢሙ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ ከለዘበ በኋላ፥ ባዶው እጅ ቆዳውን ይወጥራል፤ ምላጩም ወደ 30 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ፥ ጠጕሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል። ምላጩን በስለቱ አቅጣጫ ወደ ጎን መሳብ ማለት እንደ ቢላዋ መቍረጥ ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጆሮው በታች ያለውን ለጥ ያለ ጉንጭ ብቻ ቢላጭ ይበቃዋል፤ አገጭና የላይኛው ከንፈር እጁ እስኪለምድ ድረስ ይቈያሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር ተማሪ ሳለ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አንድ ምላጭ ገዝቶ ነበር። ከላይ የተባለውን ሁሉ አንብቤ፥ ያነበብሁትንም በቃሌ አጥንቼ ስለ ነበር የሚያስቸግረኝ ነገር አልመሰለኝም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጉንጬ ላይ ሁለት ጠባሳ፥ ቆዳው ላይ ደግሞ አንድ ረዥም ቅዳጅ ነበረ። ስሕተቱን በፊቴ ላይ እፈልግ ነበር፤ የነበረው ግን በቆዳው ላይ ነው። ምላጩን በቆዳው ላይ አጥብቄ እየተጫንሁ ስለቱን አደንዝዠው ነበር፤ የደነዘ ምላጭ ደግሞ ሰውየው እንዲጫነው ስለሚያስገድድ ከተሳለው ይልቅ ያደማል። ይህንን ያሳየኝ በሰፈሩ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ላጭ ነበር። ብዙ ቃል አልተናገረም፤ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ምላጩን አምስት ስድስት ጊዜ በቆዳው ላይ አመላለሰው። «አትጫን» የሚለውን ቃል አስቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ አለመጫን ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የፔሬ መጽሐፍ ከንቱ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። መጽሐፉ የእጅን ዕውቀት ሙሉ በሙሉ መሸከም ባይችልም፥ ጀማሪው የት የት ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ስለሚነግረው፥ ሲሳሳት ምክንያቱን የሚፈልግበትን ያውቃል። የዕውቀቱንም ዋጋ የዘመኑ ሰዎች ተረድተውት ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ለአንድ ድኻ ወጣት አንድ ሺህ ጊኒ ከመስጠት ይልቅ ጢሙን ራሱ መላጨትንና ምላጩን መጠበቅን ማስተማር ለደስታው ይበልጥ እንደሚጠቅመው ይገምታል፤ ገንዘቡ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፥ ላጭ ከመጠበቅና በደነዘ ምላጭ ከመሠቃየት ነጻ መውጣት ግን ዕለት ዕለት የሚታደስ ጥቅም ነውና። ፍራንክሊንም እንደ ፔሬ መላጨትንና ምላጭ መጠበቅን ባንድነት መጥቀሱን ልብ ይሏል።

ሁለቱን የለያያቸው የ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ ኪንግ ካምፕ ጂሌት ከመሐንዲሱ ከዊልያም ኒከርሰን ጋር ሆኖ፥ ስስ ሆኖ የሚወጣና ሲደንዝ የሚጣል ባለ ሁለት አፍ ምላጭ አሠራ። በ1903 ዓ.ም. የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የመላጫው ቍጥር ከ90,000 በላይ ሆነ። አሜሪካ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባም መንግሥቱ ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ገዛ። ከዚህ በኋላ ጀማሪ ድንጋይና ቆዳ የሚማርበት ምክንያት አልቀረም፤ ስለት የሚጠበቅ መሆኑ ቀርቶ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ ጊዜ ተረፈ፥ ቍስልም ቀነሰ። የጠፋውን ግን ማንም አልመዘገበውም።

ይህ ታሪክ ከእኛም የራቀ አይደለም። «ምላጭ» የሚለው ቃላችን «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ዛሬ ግን ቃሉ ሲነገር በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ያ ስስ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ነው። ቃሉ ቀርቶልናል፥ ነገሩ ተለውጧል። የሕፃናቱን ራስ ቍንጮ ወይም ጋሜ አስቀርተው ይላጩ የነበሩ እጆች፥ ለሐዘን ጠጕር ያነሡ የነበሩ እጆች፥ ምላጩን ቀጥቅጠው ይሠሩ የነበሩ የባለ እጆች እጆች፥ ሁሉም አንድ ጊዜ ጀማሪዎች ነበሩ። ኤችአይቪ ከተከሠተ ወዲህ ምላጭን በጋራ መጠቀም እንዲቀር መመከሩም ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በጠጕር አስተካካዮች ዘንድ የረዥሙ ምላጭ መልክ ያለው፥ ግን ለየሰዉ አዲስ ስለት የሚገባበት መያዣ ይታያል። ቅርጹ የጥንቱ ነው፤ መሳሉ ግን በውስጡ የለም።

የእኛ ባለ እጅ ስለ ሙያው እንደ ፔሬ ያልጻፈው ዕውቀት አንሶት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ንቀቱ የበረታ ነበር፤ የተናቀ ሰው ደግሞ ስለ ሥራው የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ በየገጠሩ ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎቻችን «ይህ መሣሪያ ማን ይባላል?» ብለው ከጠየቁ በኋላ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ አሳስባለሁ፤ «ሲጀምሩ በምን ተሳሳቱ? ማንስ አረመዎት?» ብለው ይጠይቁ። መሣሪያው ራሱ በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ግን ከሽማግሌው ጋር አብሮ ይቀበራል።