አፍንጫ ላይ የበቀለ አውራ ጣት

ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ውስጥ ያለ አንድ ሐውልት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀራፂው ዋተርሃውስ ሆኪንስ እ.ኤ.አ. በ1854 ዘራቸው የጠፋ እንስሳትን በጡብና በሲሚንቶ ሠርቶ በዘመን ቅደም ተከተል አሰለፋቸው። አጠገባቸው የከሰል፣ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር የሚታይበት ሰው ሠራሽ ገደል ቆመ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ እየተንሸራሸረ የምድርን ዕድሜ እንዲያነብ ነው።

ታዲያ ቅጠል በሊታው ኢጓኖዶን አፍንጫው ላይ ቀንድ ተተከለለት። የዘመኑ ሊቃውንት ያገኟት ሹል አጥንት የት እንደምትገባ ቸግሯቸው ነበር። በ1878 ቤልጂየም፣ በርኒሳር ከሚገኝ የከሰል ጉድጓድ ሙሉ አፅሞች ሲወጡ፣ ቀንድ የተባለው የአውራ ጣት አጥንት ሆኖ ተገኘ!

ሐውልቶቹ በ2007 ከፍተኛውን የቅርስ ጥበቃ ደረጃ አግኝተዋል። ቀንዱ ልጆችን ያሳስታል ለሚል ሰው አልፈርድበትም። እኔ ግን አይነቀል ባይ ነኝ፤ አጠገቡ ቆሞ ታሪኩን የሚያስረዳ ሰው ይኑር እንጂ።