እምቢ ማለት የምትችል የጉዞ ጓደኛ

በ1900 ዓ.ም ሮም ከተማ ውስጥ አንድ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ጣና ዳር ዘጌ ተወልዶ፣ ጣሊያን አገር ሥዕል ተምሮ፣ ኋላም ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተማረ ሰው። መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» ቢባልም አንባቢ የሚያውቀው በባለታሪኳ ስም፣ «ጦቢያ» ብሎ ነው። በአማርኛ ከተጻፉት ልቦለዶች የመጀመሪያው እሱ ነው። ደራሲው በፋሽስት ወረራ ዘመን ከወራሪው ጎን ቆሞ ስሙን አጉድፏል፤ ይህን ሳያነሱ ስለ እሱ መጻፍ አይገባም። የፈጠራት ልጅ ግን ከእሱ ኃጢአት በላይ ኖራለች፤ የዛሬው ጉዳያችንም እሷ ናት።

ታሪኩ በጦርነት ይጀምራል። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ተሸንፎ በአረመኔ ንጉሥ ሠራዊት ይማረካል፤ የማያውቀው ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ሊክስ ከቤት ወጥቶ በባርነት ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብስና ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መንገድ ላይ እነሱም በዚያው ንጉሥ እጅ ይገባሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ምስጢሩ ሲወጣ ደግሞ ንጉሡ ራሱ በጦቢያ ፍቅር ይያዛል። በመካከላቸው ግን የእምነት ልዩነት አለ። በመጨረሻ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል፤ ወይዘሮዋም ጦቢያን የሚመስለውን ዋሕድን ታገባለች።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ጦቢያ ከቤቷ የወጣችው ሰው እንዲወዳት አይደለም፤ ወንድሟን ልትፈልግ ነው። ፍቅር ያገኛት በራሷ ጉዳይ ላይ ሳለች ነው። የወደዳት ንጉሥ ዙፋንና ሠራዊት ያለው ቢሆንም መለወጥ የነበረበት እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በጫኖ የሙዝ ማሳ አጠገብ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ወጣት የሚያውቃቸው ጀብዱዎች በአብዛኛው በጌም የመጡ ናቸው። ከጌም ዓይነቶች ሁሉ ለልቦለድ የሚቀርበው ተጫዋቹ የአንድን ጀግና ሚና ወስዶ በተረት ዓለም የሚጓዝበት፣ አር ፒ ጂ የሚባለው ነው። ጀግናው ብቻውን አይጓዝም፤ አብረውት የሚዋጉ፣ ማታ እሳት ዳር የሚያወጉ ጓደኞች አሉት። ከእነሱም አንዷን ወይም አንዱን ሊያፈቅር ይችላል። እነዚህን ተፈቃሪ ገጸ ባሕርያት መጻፍ ራሱን የቻለ የድርሰት ሙያ ሆኗል፤ ይህ ሙያ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ የደረሰው አፈወርቅ ከተነሣበት ቦታ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱትን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲያወጡ፣ ጀግናው ስንት ተከታይ መቅጠር እንደሚችልና እነሱም ምን ያህል እንደሚታመኑለት የሚወሰነው በግርማ ሞገሱ ነጥብ ነበር። ጓደኛ ማለት ያኔ ደመወዝተኛ ነው። በ1997 የወጣው የጃፓኑ «ፋይናል ፋንታሲ 7» ደግሞ ነጥቡን ከተጫዋቹ ሰወረው፦ በየመንገዱ የሚመርጣቸው ቃላት በስውር ይቆጠሩና አንድ ማታ በመዝናኛ ቦታ አብሮት የሚወጣው ማን እንደሆነ ይለያል። ተጫዋቹ ከጓደኞቹ አንዷ ከሆነችው ከአየሪት ጋር ብዙ ርቀት ከተጓዘ በኋላ እሷ ትገደላለች፤ ማንም ሊያድናት አይችልም። በዚያን ጊዜ ያለቀሱ ሰዎች ዛሬ ጎልማሶች ሆነው አሁንም ያወሩታል።

በ1999 የወጣው «ፕላንስኬፕ ቶርመንት» ጥያቄውን አጠነከረው። ባለታሪኩ ሞቶ የሚነሣና ያለፈውን የሚረሳ ሰው ነው። ዲዮናራ የምትባል መንፈስ ትገጥመዋለች፤ በሕይወት ሳለች ወድዳው ነበር። ቀስ በቀስ የሚገለጠው እውነት ያሳቅቃል፦ በቀድሞ ሕይወቱ ፍቅሯን እያወቀ ተጠቅሞባታል፣ ለሞቷም ምክንያቱ እሱ ነው። ተከታይን በነጥብ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ጌም ራሱ ራሱን የከሰሰበት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓመት ሳይቆይ በ2000 የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ «ባልዱርስ ጌት 2»ን አወጣ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዴቪድ ጌይደር ነበር። በዚህ ጌም ለወንድ ጀግና ሦስት ሴቶች፣ ለሴት ጀግና አንድ ወንድ ተፈቃሪ ተዘጋጅተው ነበር። ጃሂራን እንውሰድ። በመጀመሪያው ክፍል ከባሏ ከካሊድ ጋር አብራ የተጓዘች ተዋጊ ናት። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ባሏ በጠላት ተሠቃይቶ ሞቷል። ስለዚህ ሊያፈቅራት የሚሻ ተጫዋች የሚቀርበው ሐዘንተኛ ነው፤ ጊዜ ሊሰጣት፣ ዝም ሊል፣ አንዳንዴም ቁጣዋን ሊቀበል ይገባል። ሰው እንዲህ ነው፤ ከእኛ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ኖሯል፤ የሚያለቅስለት ሌላ ሰው አለው። የጌም ጸሐፊዎች ይህን ሲረዱ ሙያው ሙያ ሆነ እላለሁ።

በ2009 የመጣው የዚያው ኩባንያ ሥራ «ድራገን ኤጅ ኦሪጂንስ» ግን ሁለቱንም መንገድ ባንድ ላይ ይዞ መጣ። በአንድ በኩል ሞሪጋን አለች፤ ጫካ ውስጥ በጠንቋይ እናት ያደገች፣ ለደካማ ማዘንን ሞኝነት የምትል፣ ተጫዋቹ ጥቅም የሌለው ደግነት ባደረገ ቁጥር ፊቷን የምታጠቁር። አሊስተርም አለ፤ ጓዶቹን በጦር ሜዳ ከድቶ ያስፈጀው ሹም ምሕረት አግኝቶ ከእነሱ ጋር እንዲሰለፍ ከተደረገ፣ የቱንም ያህል ወዳጅነት ቢኖር ጥሎ ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ሚዛን የቆሙ ሰዎች ናቸው። በሌላ በኩል ግን ያው ጌም ስጦታ አምጥቶ ፍቅርን መሙላት ይፈቅዳል። ለሞሪጋን የአንገት ጌጥ ሲሰጣት የመውደድ ነጥቧ ይጨምራል፤ ትናንት የበደላት በደል ይሸፈናል። ይህ የጽሑፉን ድካም ሁሉ ያፈርሳል። በጌጥ የሚታበስ በደል መጀመሪያውኑ አልተጻፈም ማለት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ለማረም ሞከረ፤ በሐሳብ የሚቃወምህም ሰው ሊያፈቅርህ እንዲችል አደረገ። አካሄዱ ትክክል ነበር።

በ2023 የቤልጂየሙ ላሪያን ኩባንያ ያወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ውስጥ አስታሪዮን የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። 200 ዓመት በጌታው ባርነት ሥር ኖሯል፤ መልኩንና አንደበቱን ሰው ለማጥመጃ ሲጠቀሙበት ቆይቷል። ተጫዋቹን መጀመሪያ የሚያባብለው በፍቅር አይደለም፤ ራሱን ለማትረፍ በለመደው ዘዴ ነው። በኋላ ይህንኑ በአንደበቱ ይናዘዛል። ድምፁንና እንቅስቃሴውን የሰጠው ኒል ኒውቦን በዚያ ዓመት በጌም ሽልማት የምርጥ ተዋናይነት ክብር ያገኘው በእሱ ነው። አስታሪዮንን የምወደው ፍቅሩ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያ እምቢ ማለትን መማር ነበረበት።

አሁን ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጫኖ፣ ወደ ጋሞ ምድር ልመለስ። የአገራችን ጌም ሠሪዎች ሥራ ጀምረዋል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለስልክ አቅርቧል። ከእነዚህ አጫጭር ጨዋታዎች ወደ ረጅም ታሪክ የሚሻገር ሰው ይመጣል፤ ያኔ የጉዞ ጓደኛ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የጋሞ ደጋና ቆላ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበው ሀብት ከማንም አያንስም።

በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተከለከለን ነገር መጣስ ማለት ነው። ጎሜ የነካ ሰው መከራን ይጠራል፤ በሽታ፣ የሰብል መጥፋት፣ የዝናብ መራቅ። መከራውም በበደለኛው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቤተሰቡንና ማኅበረሰቡን ይነካል። መድኃኒቱ በደልን አውጥቶ መናገርና መታረቅ ነው። ጉዳዩም ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በዱቡሻ ይታያል፣ ይመከርበታል።

ይህን ከጌሞቹ ነጥብ ጋር አስተያዩት። እዚያ ጓደኛህ የምትቆጣው ባህርይህ ስላልጣማት ነው፤ ቁጣውም በሁለታችሁ መካከል ይቀራል። የጫኖ ልጅ የሆነች የጉዞ ጓደኛ ግን ጀግናው በዋሸ ወይም ድሃ በገፋ ጊዜ የምትቆጣበት ሌላ ምክንያት አላት። ደጋ ላይ የቀሩት አያቷ ሊታመሙ ይችላሉ፤ አባቷ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለማው ሙዝ ሊደርቅ ይችላል። እሷን መልሶ ለማግኘት ስጦታ አይበቃም። በዱቡሻ ፊት ቆሞ «እንዲህ አድርጌያለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ሽማግሌ ቢልክ ቤተሰቧ እምቢ ሊል ይችላል፤ እሷም ራሷ እምቢ ልትል ትችላለች። እንዲህ ያለ የፍቅር ሥርዓት በየትኛውም ታዋቂ ጌም ውስጥ አላየሁም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም በአርባ ምንጭ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሳል። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ነበርና ወጣቱ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተሻግሮ ማለፍ ነውር ነው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ቀን ያለ አንዳች መሣሪያ እምቢ የተባሉት የሚወደዱ ልጆች ናቸው፤ አባቶቹ የተንበረከኩት ልጆቻቸውን ስለወደዱ ነው። ለአንድ ጌም ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየት ይመጣል? ተጫዋቹ ለበቀል ሲሮጥ የምትወደው ጓደኛው ሰይፍ ሳትመዝ ሣር ይዛ ፊቱ ብትንበረከክ፣ ምርጫው የእሱ ይሆናል፤ ከተሻገራት ግን ከዚያ በኋላ አብራው አትጓዝም፤ አባባይ ቃልም ሆነ የአንገት ጌጥ አይመልሳትም።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የምትማሩ፣ ማታ ማታ ታሪክ የምትጽፉ ልጆች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን የነጥብ ሰንጠረዥ ከመቅዳታችሁ በፊት ጫኖ ወርዳችሁ፣ ደጋ ወጥታችሁ ስለ ጎሜ የሚያውቁትን አባቶችና እናቶች ጠይቁ፤ የነገሯችሁን አስፈቅዳችሁ በጋሞኛ ጻፉት። «ጦቢያ»ንም አንብቡ። የምትፈጥሯት ልጅ ከጀግናችሁ በፊት የራሷ መንገድ ይኑራት፤ የምትሄድበትን ሳታውቁ እንዴት እንደምትወደው አትጻፉ።