ሐርላ፦ የግዙፎች አገር ወይስ የዶቃ ሠሪዎች?

በዛሬው ዝግጅታችን ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ወደምትገኘው ሐርላ ይዘናችሁ እንጓዛለን።

በሐርላ ጥንት የኖሩት ግዙፎች ነበሩ፤ በኩራታቸው ጠፉ ይባላል። ምስክሩ ድንጋዩ ነው። ያን የሚያህል የግንብ ድንጋይ እንደኛ ያለ ሰው ያነሣዋል ብሎ ማን ያምናል? የዓድን ሕዝቦች ታሪክ ከቁርአን ለሚያውቅ ሙስሊም ደግሞ ወሬው እንግዳ አይሆንበትም።

ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኤክሴተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ከመቃብሮቹ የወጣው አጽም የግዙፎች ሳይሆን እንደኛው ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸ መስጊድም ተገኘ። እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ከዘንባባ መዳፍ ላይ የሚጠፋው ነገር ነው፦ የመስታወት ዶቃ፣ ዐቂቅ፣ ዛጎል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጣ ሳንቲም። ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቤትም ነበረ።

ነገሩን በግመል ጀርባ እናስበው። ከባሕር እስከ ሐርላ በረሃና ዳገት ነው፤ ግመል የሚሸከመው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ትርፉ ያለው ሚዛኑ ቀሎ ዋጋው በከበደው ዕቃ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላን ከተማ ከህንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር ያገናኛት የእጅ ጥበብ እንጂ የክንድ ግዝፈት አልነበረም።

ጎረቤቷን ሐረርንም እንይ። በጀጎልና በአካባቢው 82 መስጊዶች አሉ፤ ብዙዎቹ አንድ ሠፈር ብቻ የሚሰግድባቸው ትንንሾች ናቸው። ጁምዓ ሲሆን ሕዝቡ ጃሚዕ ይሰበሰባል፤ ትልቁም ቦታ አለውና። ለፈጅርና ለዒሻ ግን ሽማግሌው ከደጁ ሳይርቅ ይሰግዳል፣ የቀረ ሰው ቢኖር ጎረቤት ያውቃል፣ ጣራው ቢያፈስ የሠፈሩ አቅም ይበቃዋል። ዛሬ ግን መስጊድ እንሥራ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ "ስንት ሺህ ሰው ይይዛል?" የሚል ነው፤ የሠፈሩን ውዱእ ማድረጊያ ማን ያጽዳ የሚለው ይዘገያል። ይህ ቅደም ተከተል አይጥመንም።

ወደ ሐርላ እንመለስና፣ ትልቁን ድንጋይ ማንም ያየዋል። ዶቃው ግን ከማረሻ ሥር ወጥቶ ሕፃን ሊጫወትበት፣ መንገደኛ በኪሱ ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሕንፃውን ባለቤቶች ማንነት ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግኝቱ ይፋ ሲደረግ፣ ከዕቃዎቹ የተወሰኑት የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በሚያስተዳድረው የቅርስ ማሳያ ቤት እንዲቀመጡ ተደርጓል። በዚያ መንገድ የምታልፉ አድማጮቻችን ጎራ ብላችሁ እዩት።