ቀን ሳለ የተሠራ ሥራ፤ ስለ አቡ ሩሚና ስለ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ



ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ ጉዳይ የሚጽፉ ስላሉ፣ እኛ ደግሞ ወደ ታሪክ ዘወር ብለን ጥቂት ለማለት አሰብን። የሰው ዕድሜ አጭር ነው ብለን ለእድርተኛ ብንጽፍ «ለቀባሪው አረዱት» ይሆንብናል። ጡሩምባ ሲነፋ «ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን?» ብሎ ያልደነገጠ በመካከላችን የለም። ታዲያ ይህን እያወቅን፣ ስለ እምነታችን ለልጆቻችንና ለወዳጆቻችን ልንነግር የሚገባንን «ይደርሳል፣ ነገ እንነግራቸዋለን» እያልን እናቆየዋለን። ነገ ግን የእግዚአብሔር ናት። ይህን ነገር ካስተማሩን ሰዎች አንዱ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ነው።

እንደሚታወቀው ክርስትና በአገራችን የተስፋፋው በአክሱም ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚያም ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ ተመለሱ። ይሁንና ግዕዝ ከሕዝቡ አፍ ከወጣ በኋላ፣ ተራው ምእመን መምህር ካልተረጎመለት በቀር የሚነበበውን ቃል አይሰማውም ነበር። ሊቃውንቱ ትርጓሜውን በአማርኛ በቃል ያስተምሩ ነበር እንጂ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በአማርኛ ተጽፎ አልተገኘም ነበር።

አቡ ሩሚ በ1750 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተወለደ ሲሆን የጎጃም ሰው ነው ይባላል። ከአገሩ ወጥቶ ብዙ አገር ዞሯል፤ ሕንድ ድረስ ተሻግሮ ዊልያም ጆንስ ከተባለው የእንግሊዝ ሊቅ ጋር እንደ ቆየም ተጽፏል። በመጨረሻም ካይሮ ላይ፣ በፈረንሳይ ቆንስላ ይሠራ ከነበረው ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ተገናኘ። ፈረንሳዊው መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ እንዲመለስ ቢጠይቀው፣ አቡ ሩሚ ዕድሜው ወደ ስድሳ እየተጠጋ ሳለ «አርጅቻለሁ» ሳይል ሥራውን ጀመረ።

የሥራቸው አኳኋን እንዲህ ነበር። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ለእንግዳ ዘግተው ይቀመጡና የዓረብኛውን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ። የከበደውን ቃል ፈረንሳዊው ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከጽርዑ እያመሳከረ ያስረዳል፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፋል። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርተው ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፍን ሰዎች ይህን ቁጥር ስንሰማ እጃችን ይደክማል። በሳምንት ሁለት ቀን ማለት በአሥር ዓመት 1,040 ቀን ያህል ነው፤ ሲካፈል በቀን ዘጠኝ ገጽ ይደርሳል። ያውም መገልበጥ ብቻ ሳይሆን እያሰቡ መተርጎም ነው!

ሥራው ካለቀ በኋላ አቡ ሩሚ ብዙ አልቆየም። በ1819 ካይሮ ውስጥ በቸነፈር ሞተ። ሥራውን ጥቂት ዓመት አዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ቸነፈሩ ከመንገድ ያገኘው ነበር። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ ሰው ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1840 ታተመ። ሠራተኛው ራሱ ግን አንዲት የታተመች ገጽ እንኳ ሳያይ አልፏል።

በ1830 ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር የተባሉ ሚሲዮናውያን የታተመውን ወንጌል ይዘው አገራችን ገቡ። ጎባት እስከ ጎንደር ዘልቆ ለሰው አደለ። ባልንጀራው ኩግለር ግን በመጣበት ዓመት መጨረሻ ዓድዋ ላይ አረፈ። ለአቡ ሩሚ አሥር ዓመት ተሰጠው፤ ለኩግለር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላለትም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም እኮ!

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ እድር ደግ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ገንዘቡም ለቤተሰቡ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከሞት በኋላ ቢሆንም አልዘገየም። የእምነት ቃል ግን እንደ ድንኳኑ አይደለም፤ የሚጠቅመው በሕይወት ላለ ሰው ነው። በለቅሶ ቤት «ምነው ያን ጊዜ በነገርኩት» እያልን ብንቆጭ ለሟቹ አይሰማውም።

ይህን ስንል በእድራችን ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ጎረቤቶች መኖራቸውን ዘንግተን አይደለም። እምነት በግድ አይጫንም፤ ቆንስላውም ሆነ አቡ ሩሚ ማንንም አላስገደዱም። እኛ የምንለው፣ ያመንነውን በፍቅር ለመናገር፣ ለልጅ ልጅ አንድ ምዕራፍ ለማንበብ፣ የታመመ ጠይቀን አብረን ለመጸለይ ቀን እንቁረጥ ነው። አቡ ሩሚ ማክሰኞና ቅዳሜ ነበረው። እኛም ጡረታ የወጣን፣ በሳምንት ሁለት ቀን አናጣም።

እግዚአብሔር ዕድሜያችንን ለሥራ ያድርግልን። የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም ለከርሞው ጉባኤ በሰላም ያድርሰን። አሜን።