ከቆዳ ሴል ነርቭ መሥራት፦ ለጓያ በሽታ ተስፋ ይሆን?



ጓያ እግሩን ያሰረው ሰው ለደምቢያና ለፎገራ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ አካባቢዎች ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሞ፣ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አሳይቷል። በድርቅ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን መርዙ እግርን የሚያዙ ነርቮችን ይጎዳል። የሞተ ነርቭ ደግሞ ራሱን አይተካም።

ታዲያ አዲስ መሥራት አይቻልም? አብዛኞቹ የሴል ዓይነቶቻችን ሙሉውን የዘር መመሪያ ይዘዋል፤ ቆዳን ከነርቭ የሚለየው የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ4 ጂኖች የአይጥን ሴል ወደ ስቴም ሴልነት መለሱ። በ2010 የስታንፎርዱ ማሪየስ ቬርኒግ ቡድን ያንን ደረጃ ዘልሎ፣ በ3 ጂኖች የአይጥን ሴል በቀጥታ ነርቭ አደረገ። በ2011 በሰው ሴል ተሳካ፤ በዚያው ዓመት ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችም ተሠሩ።

ግን ልብ በሉ! እነዚህ ነርቮች ዛሬ የሚያገለግሉት በላብራቶሪ በሽታን ለማጥናትና መድኃኒት ለመፈተሽ ነው። ለጓያ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ሕክምና የለም፤ «እናድናለን» ለሚል ሰው በሬያችሁን አትሽጡ።

ዛሬ በእጃችን ያለው መከላከል ነው፦ ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ብቻውን የዘወትር ምግብ አለማድረግ።

ለቤተሰብ አካፍሉ።