የተረኝነት ነጥብ

«ሲስተም የለም።» በባንክ መስኮት ፊት ወረፋ ይዞ ይህን መልስ ያልሰማ ደንበኛ ማግኘት ይቸግራል። ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አለ፤ የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መስመር ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዴ ሁለተኛ መስመር እያለ ሥራው ይቆማል። ይህ ለምን እንደሚሆን የሚገባን የኔትወርክ ባለሙያዎች «ፌይልኦቨር ፕራዮሪቲ» የሚሉትን ስናውቅ ነው። በአማርኛ «የተረኝነት ነጥብ» እንበለው። «የመተካት ቅድሚያ» ለእንግሊዝኛው ይቀርብ ይሆናል፤ ተረኛ ሐኪም፣ ተረኛ መድኃኒት ቤት ሲል ለኖረ ሰው ግን ቶሎ የሚገባው የመጀመሪያው ነው።

ወገዳ ከተማ ውስጥ ሁለት ራውተር ያለው ቅርንጫፍ እናስብ። አንዱ በፋይበር፣ ሌላው በሳተላይት ሳህን ወደ ውጭ ይወጣል። (ሳህኑ ለወረዳ ከተሞች እንግዳ አይደለም፤ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ሲዘረጋ ብዙ ወረዳዎችን ያገናኘው እሱ ነበር።) የቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች የሚያውቁት አንድ የመውጫ አድራሻ ብቻ ነው። ያንን የጋራ አድራሻ ይዞ የሚያስተናግደው ተረኛው ራውተር ሲሆን ሌላው ተጠባባቂ ነው። ተረኛውን የሚለየው ነጥብ ነው፤ የበለጠ ያለው ይይዛል። በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ቪአርአርፒ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ባለሙያው ካልቀየረው ነጥቡ 100 ነው። ለፋይበሩ 110 እንስጥ፣ ሳተላይቱን በ100 እንተወው። ፋይበሩን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሳተላይቱ ምልክት ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ስለሚወርድ፣ ጥያቄ ልኮ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል።

ተረኛው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ድምፁ ሲጠፋ ተጠባባቂው ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል ጠብቆ ተራውን ይረከባል። ራውተሩ ቢቃጠል ይህ ይበቃል። ነገር ግን «አለሁ» የሚባለው በቢሮው ውስጥ ባለው ገመድ፣ ለጎረቤት ራውተር ነው። መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ከከተማ ውጭ ፋይበሩን ቢበጥሰው ተረኛው ራውተር ራሱ ደኅና ነው፤ መብራቶቹ ይበራሉ፣ «አለሁ» ማለቱንም አያቋርጥም። የደንበኛው ጥያቄ ግን የትም አይደርስም፤ ሳተላይቱም ተራ ስላልደረሰው ዝም ይላል።

ስለዚህ ነጥቡን ከውጭው መስመር ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ራውተሩ ከራሱ ነጥብ ላይ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅናሹ መጠን ላይ ነው። 10 ከተቀነሰ 110 የነበረው 100 ይሆናል፤ ከተጠባባቂው ጋር እኩል ማለት ነው። በቪአርአርፒ ደግሞ እኩል ነጥብ ያለው ተጠባባቂ ከተረኛው ላይ ተራ አይነጥቅም። ቅናሹ 20 ሲሆን ግን 90 ለ100 ይሆንና ሳተላይቱ ይረከባል። ሲስኮ ባወጣው ኤችኤስአርፒ በተባለው ደንብ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ብልጫ ያለው ተራ እንዲወስድ ባለሙያው ራሱ መፍቀድ አለበት፤ ካልፈቀደ ነጥቡ ቢወርድም ተረኛው አይለወጥም።

መበጠሱስ ቢያንስ በግልጽ ይታያል፤ የሚያስቸግረው መዳከም ነው። መልእክት እየተንጠባጠበ ቢጠፋም ራውተሩ ገመዱ እስካለ ድረስ መስመሩን ደኅና ብሎ ይቆጥረዋል። ለዚህ በየጥቂት ሰከንዱ የመመርመሪያ መልእክት ይላካል፤ መልሱ ከተወሰነው በላይ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ነጥብ ይቀነሳል። ምርመራው መድረስ ያለበት እስከ ባንኩ ማዕከል ነው። መስመሩ በደብረ ታቦር በኩል የሚያልፍ ሆኖ ምርመራው እዚያው ላይ ከቆመ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ የደረሰውን ብልሽት ማንም አያይም።

አንድ ደቂቃ ደኅና፣ አንድ ደቂቃ ደካማ የሚሆን መስመር ደግሞ ተረኛውን ሲያመላልስ ይውላል፤ እያንዳንዱ ርክክብም የተጀመረ ሥራ ሊያቋርጥ ይችላል። በእኔ እምነት ወደ ተጠባባቂው መሄዱ ፈጣን፣ ወደ ፋይበሩ መመለሱ ግን ዘገምተኛ ቢሆን ይሻላል፤ ፋይበሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይወላውል መቆየቱ ከታየ በኋላ ነጥቡ ይመለስለት። በሌላ በኩል፣ ከባድ የክረምት ዝናብ የሳተላይቱንም ምልክት ስለሚያዳክም ለሳህኑም የራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሲሞከርም የራውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ መንቀል አይበቃም፤ እሱ የሚያሳየው ቀላሉን ጉዳይ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ የውጭውን ፋይበር ነቅሎ፣ ከአንድ የመስኮት ኮምፒውተር ማዕከሉ መገኘት አለመገኘቱን ማየት ነው።