እንኳን ደስ አላችሁ፣ የደን ልጆች

ክረምት ሲገባ፣ ችግኝ ከየጣቢያው እየተጫነ ወደ ተራራ በሚወጣበት ሰሞን፣ በየዩኒቨርሲቲው ካባ የለበሱ ልጆች ይመረቃሉ። ሐኪሙና ኢንጂነሩ ሲመረቅ ሰፈሩ በእልልታ ይናጋል። ደን፣ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተምሮ ያጠናቀቀው ግን «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?» ይባላል። እኔ ከልቤ እንኳን ደስ አላችሁ እላችኋለሁ። የምትረከቡት ሙያ ረጅም ታሪክ አለውና፣ ከምኞቱ ጋር ያንን ላስታውሳችሁ።

በአገራችን ደን መጠበቅ ለዘመናት የትእዛዝ ጉዳይ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል። ዐፄ ምኒልክንም የእንጨት እጥረት ክፉኛ አስጨንቋቸው ነበር። በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን የታደጋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቆርጠውት መልሶ ያቆጠቁጣል። የአገሬውን ጽድና ዝግባ ግን አልተካም።

ሙያው በትምህርት ቤት ደረጃ ራሱን ችሎ የቆመበት ስፍራ ወንዶ ገነት ነው። ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ፣ ፍል ውሃ በሚፈልቅበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ በሚዘልበት በዚያ አካባቢ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1978 (እ.ኤ.አ.) የደን ማሠልጠኛ ተከፈተ። መጀመሪያ በዲፕሎማ ያስመርቅ ነበር፤ ቆየት ብሎ ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የማስተርስ ትምህርት ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከአዋሳና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተቀላቀለ፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ተማሪው እዚያ ዛፍን በስሙና በቅጠሉ ይለያል፤ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን በሜትር ጠምጥሞ ውፍረቱን ይመዘግባል። የዝግባ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው እንዳለ ቢዘራ ለወራት ሳይበቅል እንደሚቆይ፣ ቅርፊቱ ሲሰበርለት ግን ቶሎ እንደሚወጣ ይማራል። አንድ ዝግባ ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ገና ከዘሩ ይጀምራል።

ትምህርቱ ብቻውን ደን አላዳነም። ይህን መደበቅ ለምሩቃኑ ደግነት አይሆንም። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሏል፣ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግን ሕዝቡ በብዙ ቦታ መጥረቢያ ይዞ ገባ። የዱር እንስሳቱም አልተረፉም። በባሌ ጋይሳይ አካባቢ ከሺህ በላይ ይቆጠር የነበረው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ደጋ አጋዘን ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። ምክንያቱን «የሕዝብ አለማወቅ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ገበሬው የግጦሽ መሬቱን ተከልክሎ፣ በገዛ ቀበሌው በዘበኛ ሲባረር ኖሯል። የተከለለው ደን የመንግሥት ነው ከማለት በቀር የእሱም ነው ብሎ የነገረው አልነበረም። መንግሥት በጠፋ ቀን ደኑም ባለቤት አጣ።

ሙያው በእውነት የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። በጭሊሞ ደን ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተሞከረ። በአዳባና በዶዶላ ደግሞ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በኦሮምኛ ምህጻረ ቃላቸው ዋጂብ ይባላሉ። የአሠራሩ ዝርዝር ደስ ይላል። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ገደማ ይታሰባል። አባላቱ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ተፈራርመው ይረከባሉ፣ በምትኩ እዚያው የመኖርና ከደኑ በሥርዓት የመጠቀም መብት ያገኛሉ። ቁጥሩ በዘፈቀደ አልመጣም። ይህን ለማስላት ዛፍ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ደቡብ ጎንደርም ሌላ ምሳሌ አለ። በብዙ ቦታ መሬቱ ታርሶ፣ ደኑ በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀርቷል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ዓመታት አጥንቷል። ከብት ገብቶ አዲስ የበቀለውን ችግኝ ሲግጥ፣ ያረጀው ዛፍ ተተኪ ያጣል። መፍትሔውን ካህናቱና ምእመናኑ ከእሱ ጋር መክረው፣ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ደርድረው ቅጥር ሠሩ። ገበሬው እርሻው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ደኑ ከከብት ተጠበቀ። ዘመናዊ ጥናትና የአባቶች ሥርዓት በአንድ ካብ ላይ ሲገናኙ ከማየት የበለጠ ለአንድ ተመራቂ የሚያኮራ ነገር አላውቅም።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ በሰንቀሌ ቆርኬ ትቆጥራላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በባሌ ቀይ ቀበሮ ትከተላላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ትመደባላችሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ መንገዱም አድካሚ ነው። የተመደባችሁበት ቀበሌ ስትደርሱ ቢሮ ከመፈለጋችሁ በፊት እዚያ የኖሩትን ሽማግሌዎች አግኙ፤ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ፣ የትኛው ተራራ በማን ዘመን እንደተመነጠረ ከእነሱ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም። ወላጆቻችሁንም እንኳን ደስ አላችሁ በሉልኝ።